የቤታችን ተጠባባቂ በረኛ

ወንድሜ ሆላንዳዊት ሚስቱን ወደ ቤታችን ባመጣ ቀን፣ እናቴ ሃይማኖቷንም ዘሯንም ከመጠየቋ በፊት "ሥራዋ ምንድን ነው?" አለችው። እኛ ቤት ሥራ የሌለው ሰው ውሃ ሲጠጣ እንኳ በዓይን ይከተሉታል። እኔ እዚህ ላስ ቬጋስ በአንድ ትልቅ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ ወንድሜ ሊሞ የሚባለውን ረጅም መኪና ይነዳል፤ እናቴም በዚያ ዕድሜዋ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሕፃናት ትጠብቃለች። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

"ተጫዋች ናት እማዬ፤ ፕሮፌሽናል" አለ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ።

"የምን ተጫዋች?"

"የሆኪ። ሣር ላይ ነው፤ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ገና ነዋ የሚለው!"

እውነቷን ነው። ልጆች ሳለን ገና ሲደርስ የሰፈሩ ወንዶች ዱላ ቆርጠው፣ ጥንግ እያሳደዱ፣ አንዱ የአንዱን ቅልጥም የሚሰብርበት ያው ጨዋታ ነው። እናቴን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነበር። "ገና በዓመት አንድ ቀን ነው እኮ። የቀረውን ጊዜስ ምን ትሠራለች?"

ወንድሜ በእነርሱ አገር ዓመቱን ሙሉ እንደሚጫወቱት፣ ከወንዶቹ ይልቅ የሴቶቹ ቡድን እንደሚፈራ፣ እርሷም ለብሔራዊ ቡድን እንደተመረጠች አስረዳ። እኛም ኮራን። ለጥቂት ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከሰው ሁሉ ረዘም ብለን ቆምን። ምላሴ አያርፍምና አንድ ቀን ወንድሜን የምን ቦታ ተጫዋች እንደሆነች ጠየቅሁት። "በረኛ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተጠባባቂ" ብሎ ጨመረበት።

ታሪኩን በኋላ ከራሷ አፍ ሰማሁት። በረኛ ያደረገቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ ግቢያቸው ውስጥ ኳስ የምትመታበት ሰው ብታጣ ታናሿን ከጋራዡ በር ፊት አቆመቻት። ልጅቱም ከበሩ ፊት ሳትነቃነቅ አደገች። የከተማዋ ክለብ ወሰዳት፤ ትልቅ ክለብ ገዛት፤ እዚያም ኳስ ወደ በሯ ብዙ አይደርስም ነበር፤ ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑ ጠራት። ችግሩ የመጣው እዚያ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ አንደኛ በረኛ የማትታመም ሴት ነበረች። ጉንፋን አይዛትም፤ ጉልበቷ አያማትም፤ ልጅ እንኳ የወለደችው ጨዋታ በሌለበት ወቅት አስልታ ነው። ደግሞስ ቡድኑ ኃይለኛ ስለሆነ ኳሷ ውላ የምታመሸው በባላጋራ በር ነው። አንደኛዋ በረኛ ራሷ ሥራ ፈት ናት። የእኛዋ የሥራ ፈት ተጠባባቂ ሆነች።

እንዲህ ሆና ዓለምን ዞረች። ያላየችው አህጉር የለም፤ ያየችውም ከአግዳሚ ወንበር ላይ ነው። በአንዳንዱ ትልቅ ውድድር ደግሞ ተጠባባቂ በረኛ ወንበሩም አይፈቀድላትም፤ ከተመልካች ጋር ነው የምትቀመጠው። ጓደኞቿ ዋንጫ ሲያነሡ እርሷም ሮጣ ገብታ ፎቶ ትነሣለች፤ በፎቶው ላይ ንጹሕ ማልያ የለበሰችው እርሷ ናት። ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ስቀን ነበር። የእርሷ ሳቅ ግን ከእኔ ቀድሞ አለቀ።

እናቴ ነገሩ ሲገባት ለወንድሜ አዘነችለት። "ስንት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ! ደግሞ ለመቀመጥ አሠልጣኝ ምን ያደርጋል?"

በእኛ ልማድ ሙሽራ መቼም ሙሽራ ናት፤ የልጅ ልጅ አይታ እንኳ "ሙሽሪት" የምትባል አክስት ነበረችን። የሆላንዷም ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሽሪት ተባለች። አማርኛ ያስተማረቻት እናቴ ናት፤ ስለዚህ የምትናገረው እንደ ባልቴት ነው። ፖስታ አምጪው እሽግ ሲያስረክባት "እደግ፣ ተመንደግ" ትለዋለች። እኔ ፀጉሬን ተሠርቼ ስመጣ "የሰው ዓይን አያግኝሽ" ብላ ትመርቀኛለች፤ እኔ በስንት ዓመት እንደምበልጣት ባልናገር ይሻላል። "እርስዎ"ንና "አንቺ"ን ግን አንድም ቀን አላሳሳተችም። በእነርሱም ቋንቋ ለታላቅ ሰው የተለየ አጠራር እንዳለ ነገረችን። እናቴ ይህን ስትሰማ "ሰው ናቸው ማለት ነው" ብላ ለሆላንድ ሕዝብ በሙሉ ምስክርነቷን ሰጠች።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ሆኪ ሲባል በረዶ ላይ የሚጋጩት ወንዶች ናቸው፤ የሣሩን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ለትዳሯ ብላ ክለቧን ትታ የመጣችው ሙሽሪት አንድ ሆቴል መዋኛ ላይ ላይፍጋርድ ሆና ተቀጠረች። እናቴ የሥራውን ዓይነት ጠየቀች። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ይሰምጥ ይሆን ብሎ ማየት ነው አልናት።

"እንደገና ተቀመጠች!" አለች እናቴ። "የዚህች ልጅ ዕጣ ፈንታ ወንበር ነው እንዴ?"

ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ እኔና እናቴ ምድር ቤት፣ ወንድሜና ሙሽሪት ከራሳችን በላይ ነበር የምንኖረው። ጠዋት ጠዋት ከሕንፃው ጀርባ ካለው ግንብ ጋር ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙሽሪት ናት፤ ኳሷን ግንቡ ላይ መትታ ስትመለስ በእግሯ ታግዳታለች። ዕቃዋ አንድ ሰው የሚያህል ሻንጣ ነው። መጀመሪያ የመጣ ቀን እግሯ ላይ የምታስራቸውን ሁለት ወፋፍራም ነገሮች ሳይ ፍራሽ ይዛ የመጣች መሰለኝ። ፍራሽ ማወቅ እንጀራዬ ነውና ጠጋ ብዬ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት፤ ጥሩ ስፖንጅ ነው። "ለእንግዳ የሚነጠፍ ነው?" ብዬ ብጠይቃት "ለኳስ ነው እትዬ" አለችኝ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኗት፣ ቡድን በሌለበት ከተማ፣ ለምን በየጠዋቱ እንደምትለማመድ ማናችንም አልጠየቅናትም። እንደ ጸሎት ያለ ልማድ መስሎን ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ከሥራ ወጥተን በእኔ መኪና ስንመለስ፣ መኪናዋን ፓርክ ካደረግሁ በኋላም ሙሽሪት ቀበቶዋን ሳትፈታ ቀረች።

"እትዬ፣ ልንገርሽ። ክለብ ደውለው ነበር፤ ከሆላንድ። በረኛቸው ጉልበቷ ተበጠሰ። ከየካቲት እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አንደኛ በረኛ ሁኚልን አሉኝ።"

"እሰይ! ክለቡስ ጥሩ ነው?"

"ኖ! በጣም መጥፎ ነው። ከሁሉም መጨረሻ ናቸው።" ዓይኗ ሲያበራ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። "ብዙ፣ ብዙ ኳስ ይመጣል እትዬ።"

ከቀብር በቀር ሰው ለመጥፎ ነገር እንዲህ ሲጣደፍ ያየሁት ያን ቀን ነው። ግን ገባኝ። ይህ ካለፈ ሌላ አይመጣም። ዕድሜ ልኳን በረኛ ነኝ ስትል ኖራ አንድም ጊዜ በወጉ በሯን ሳትጠብቅ ልትቀር ነው። መልሱን የሚፈልጉት ደግሞ ከእኛ ገና ቀጥሎ በሚመጣው ሰኞ ነው።

"ባልሽስ ምን አለ?"

"'እማዬ ትስማና' አለ።"

አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ሀብታሞችን በረጅም መኪና የሚያመላልስ ወንድሜ አሁንም የሚደበቀው ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ነው። ሙሽሪት እናቴን መፍራቷ ግን አያስገርምም። እናቴ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ታኮርፋለች። አባቴን አንድ ጊዜ ክረምት መግቢያ ላይ አኩርፋው እስከ ጥምቀት ድረስ በእኔ በኩል ነበር የምታናግረው፤ እርሱ አጠገቧ ተቀምጦ "ለአባትሽ ጨው ጨምሪለት" ትለኝ ነበር። በዚያ ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ሴት ባሏን ትታ ለሥራ ሌላ ስቴት ብትሄድ፣ እናቴ "ያ ቤት አለቀለት" ብላ ፈርዳ ነበር። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ተመልሳ ከገባች በኋላም ፍርዱ አልተነሣም።

"አታስቢ፣ ጊዜ እንፈልግለታለን" አልኳት። እንዲህ የምለው ምንም ሐሳብ ሲጠፋኝ ነው።

በዚያው ሰሞን የወሎው ጎረቤታችን ገናን ሜዳ ላይ እንጫወት ብሎ ሰው ይመዘግብ ጀመር። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ፌዝ የማይሰለቸው ሰው ነው። ሙስሊም ነው፤ ገናን ግን ከሁላችንም አብልጦ ይወዳል። በእርሱ አገር የሙስሊም ልጅ የክርስቲያን ልጅ ሳይባል ሁሉም ሜዳ ይወጣ ነበር፤ ዱላም ሲያርፍ የቅልጥሙን ሃይማኖት አይጠይቅም ይላል። የታክሲ ሾፌሮቹን ለአንድ ቡድን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ወንዶች ለሌላው መደበ።

ሙሽሪት ጨዋታውን በደንብ እንድነግራት ያዘችኝ። ሕጉ ይህን ያህል የለም፤ ያለው አንድ ሕግ ነው አልኳት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ያን ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታው፣ በግጥም ቢሰድበው፣ ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ የቆየውን ቢዘረግፍለት ጌታው መቆጣት አይችልም። እኔ እንደ ዋዛ ነው የነገርኳት። እርሷ ግን ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

"ጌታ ማለት ማን ነው?"

"ትልቅ ሰው ነዋ። አለቃ፣ አባት፣ ባል..."

"እናትስ?"

"እናትማ ከሁሉም በላይ ናት።"

"እስከ መቼ ነው የማይቆጡት?"

"እኔ እንጃ... ፀሐይ እስክትጠልቅ ይሆናል።"

"በማግስቱ፣ ስለ ትናንት መቆጣት ይቻላል?"

ሳቄ መጣ። በሕይወቴ ይህን የጠየቀ ሰው አላየሁም። "አይቻልም፣ ነውር ነው" አልኳት። እኛ ሕግ ሲነገረን አንገታችንን ነቅንቀን እናልፋለን፤ ሆላንዶች ግን እንደ መሬት ገዢ ዳር ዳሩን እየረገጡ ይለኩታል። ምን እያሰበች እንደሆነ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም።

የገና ዱላ ጫፉ የተቆለመመ መሆን አለበት። እዚህ ከተማ ውስጥ ከመንገድ ዳር ዛፍ መቁረጥ ፖሊስ ያስጠራል፤ ያለውም ዛፍ ዘንባባ ነው፤ ዘንባባ እንኳን ለዱላ ለጥላም አይበቃ። ጎረቤታችን ፋርማሲ ሄዶ የሽማግሌ ከዘራ በሙሉ ሰብስቦ ገዛ። ሐሳቡ ከዘራውን ገልብጦ በመያዣው መምታት ነው። ካሸሯ ለአረጋውያን መጦሪያ እንደሆነ ብትጠይቀው "ለጊዜው አይደለም፤ ከጨዋታው በኋላ ግን ሳያስፈልገን አይቀርም" አላት።

የገና ዕለት ሺፍት ያለው ሺፍቱን ለውጦ፣ ያልተሳካለትም አሞኛል ብሎ ደውሎ፣ ሁላችን ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ መናፈሻ ተገናኘን። ሣሩ በብርዱ ቢጫ ሆኗል፤ ፀሐይ አለች፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እናቴን በታጣፊ ወንበር ላይ አስቀምጠን ጋቢ ደረብንላት። ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚሄድ የተከበሩ ሰዎች የገለበጡትን ከዘራ ይዘው ሲንጎራደዱ ላየ፣ ከሆስፒታል አምልጠው የወጡ ይመስሉታል።

ሙሽሪት ከመኪናው ጀርባ ስትወጣ ጫጫታው ቆመ። እግሯ ላይ ሁለቱን ፍራሾች አስራለች፤ ደረቷም ተደልድሏል፤ ራሷ ላይ ፍርግርግ ያለው የራስ ቁር ደፍታለች። ሾፌሮቹ ተንጫጩ። በገና ጨዋታ በረኛ የለም፤ በረኛስ ቢኖር እንዲህ ያለ የለም! ወደ ጎረቤታችን ዞሩ። እርሱ ትንሽ አሰብ አደረገና "ፍራሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ቃል ከአባቶቻችን አልሰማሁም" ብሎ ፈቀደ። ወዲያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ወንድሜ ላይ ገጠመበት፤

ባልየው ዛሬ ማታ ወለል ነው አዳሩ፣
ሚስቱ ፍራሽ ታጥቃ ቆማለች ከበሩ።

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ወንድሜ መልስ ሊገጥም አፉን ከፍቶ ቤት መምቻ አጣ። እኔም ሳቅሁ፤ ለወንድም ማዘን ከጨዋታው በኋላ ይደርሳል።

ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች ጸሎት እንጂ ሩጫ አይችሉም፤ ሾፌሮቹ አልፈዋቸው ይመጣሉ፤ ከዚያ ሙሽሪት ላይ ይደርሳሉ። በእግሯ መለሰች፤ በክንዷ መለሰች፤ ተንጋልላም መለሰች። ደግሞ ዝም ብላ አትጠብቅም፤ ትጮኻለች። "ግራ! ግራ! የኔ ጌታ፣ ምን ነክቶሃል!" እያለች ሽማግሌዎቻችንን እንደ በግ ትነዳቸዋለች። እኔ የማውቃት ዝምተኛ ልጅ አልነበረችም። ሾፌሮቹ መናደድ ጀመሩ፤ መናደድ ግን አይፈቀድም፤ ስለዚህ እየተናደዱ ፈገግ ይላሉ። አንዱ በቅርብ ሆኖ ከልቡ የመታት ኳስ የራስ ቁሯን አጮኸችው። እናቴ ጋቢዋን ጥላ ብድግ አለች። ሙሽሪት ራሷን ነቀነቀች፣ ኳሷን በእግሯ ጠለዘችና "ሌላ!" አለች።

እናቴ ቆማ ቀረች። ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሥራዋ ይህ ነው?" አለችኝ።

"ይህ ነው።"

"ታዲያ ይህን የምታውቅ ልጅ ማን አስቀመጣት?"

ስለማትታመመዋ ሴት ደግሜ ነገርኳት። እናቴ ለዚያች ሴት ምን እንደተመኘችላት እዚህ አልጽፈውም፤ ምሕረት በሚሰበክበት ቀን የሚባል አልነበረም።

ጨዋታው ማንም ሳያገባ አለቀ። የእኛ ወንዶች ወደ ባላጋራው በር ስላልደረሱ፣ የእነርሱም በእኛ በር ስላላለፉ ነው። ሁሉም ምግቡ ወዳለበት ጠረጴዛ ተሰበሰበ። ሙሽሪት ግን የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ፣ ከነፍራሿ እየተንገዳገደች ቀጥ ብላ ወደ እናቴ መጣች። ከመናገሯ በፊት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ምዕራብ አየች። ፀሐይዋ ስትሪፕ በሚባለው ዋና ጎዳና ካሉት ሆቴሎች በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ያኔ ነው የገባኝ።

"እማማ" አለች ጎንበስ ብላ፤ "ዛሬ ገና ነው። ጌታ አይቆጣም። እርስዎ ጌታ ነዎት።"

"ይሁን" አለች እናቴ ምን እንደምትሰማ ሳታውቅ።

"ክለብ ጠርቶኛል። በየካቲት ወደ ሆላንድ ሄጄ ልጫወት እፈልጋለሁ። ብቻዬን። ሲያልቅ እመለሳለሁ። ባሌን እወደዋለሁ፤ እርስዎንም እወድዎታለሁ። ግን ካልሄድኩ ዕድሜ ልኬን አዝናለሁ። በሆዴ ያለው ይህ ነው፤ ተናገርኩ።"

ወንድሜ የያዘውን ሳህን ወዴት እንደሚያኖረው ጠፋው። እናቴ የጣለችውን ጋቢ አንሥታ ጨበጠች። ኩርፊያዋ ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ይታየኛል፤ የዕድሜዬን ያህል አውቀዋለሁ። ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ከጠረጴዛው ማዶ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እማማ፣ ሕግ ነው እንግዲህ። እኔም ዛሬ ስንቱን ዋጥኩት።"

እናቴ ፀሐይዋን አየች። ሙሽሪትን አየች፤ ከላብ ጋር ግንባሯ ላይ የተጣበቀውን ፀጉር፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን የሣር ጉድፍ።

"እዚያስ ሄደሽ ልትቀመጪ ነው?" አለቻት በመጨረሻ።

"የለም እማማ። እቆማለሁ።"

"ቁርጥ ነው?"

"ቁርጥ ነው።"

ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"እማዬ፣ መቼም አንቺ እሺ ካልሽ እኔ ምን..."

"እኔ ነኝ ያገባኋት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወንድሜ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። አሳዘነኝ። ሚስቱ ርቃ ስትሄድ የሚከፋው እርሱ ነው፤ ይህንንም ሳይናገር እናቱ ፊት ፊቷን እያየ "ትሂድ" አለ። እናቴ ሙሽሪትን ከነፍራሿ አቀፈቻት፤ ክንዷ አልዞር ቢላት ግማሽ ግማሹን አቀፈች። "ሂጂ። ሰው የተፈጠረበትን ሳይሠራ አይሙት" አለቻት። እኔ አለቀስኩ፤ ነፋሱ ነው አልኩ።

በማግስቱ እናቴ አኮረፈች። ሙሽሪትን እንዳታኮርፍ ሕጉ ይከለክላታል፤ ስለዚህ ያኮረፈችው እኔን ነው። "ያን ሕግ ማን አስተማራት?" አለች ለግድግዳው። ለወትሮው በእጄ የማቀርብላትን ምግብ የማበላት በጎረቤታችን በኩል ሆነ፤ እርሱም ሳህን በተሸከመ ቁጥር ይስቅብኝ ነበር። ለሙሽሪት ግን በሶ አስፈጭታ፣ በማርና በቅቤ ለውሳ፣ በላስቲክ ጠቅልላ አስያዘቻት። ኤርፖርት ላይ አንዲት ሠራተኛ ትልቁን ሻንጣ እያየች ምን እንዳለበት ስትጠይቅ ሙሽሪት "ሥራዬ" አለቻት።

የመጀመሪያ ጨዋታዋ ቀን እኛ ጋ የእሑድ ንጋት ነበር። ወንድሜ ስልኩን ከቲቪው ጋር አገናኘው። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ጎረቤታችን ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ መጣ። እዚያ ዝናብ ነው። ሙሽሪት በሩ ላይ ቆማለች። ክለቡ ስለ መጥፎነቱ አልዋሸችንም፤ ተከላካዮቹ የእኛን ሽማግሌዎች አስናፈቁኝ። ኳስ ከቀኝ ይመጣል፣ ከግራ ይመጣል፤ አንዱን ስትመልስ ሌላው ይደርሳል። ወደቀች፣ ተነሣች፤ ወደቀች፣ ተነሣች። የመለሰችውን መቁጠር አቅቶን ተውነው። የገባባትን ግን ቲቪው ጥግ ላይ ጽፎታል፤ አምስት ነበር። ወንድሜ በእያንዳንዱ ጎል ሶፋው ውስጥ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ብቻ ይታይ ነበር።

ጨዋታው አልቆ ብዙም ሳይቆይ ሙሽሪት በእኔ ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ከነማልያዋ ናት፤ ማልያው ተጨማልቋል፤ ፊቷ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ተሸንፋለች፤ ደግሞ አምስት ገብቶባታል። የማጽናኛ ቃል እየፈለግን እርስ በርስ ስንተያይ ቀድማ ተናገረች።

"ደክሞኛል እማማ" አለች። "በጣም ደክሞኛል። እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እጄም። ቤት ድረስ መራመድ አልችልም።" ደግሞ ትስቃለች፤ እያለቀሰችም ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዓለምን ስትዞር አንድም ቀን ከጨዋታ ደክሟት ተመልሳ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለመመረቅ ተዘጋጀች። ወንድሜ ግን አላስጠበቃትም። ከሶፋው ውስጥ ብድግ አለ፤ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ወደ ፊቱ አስጠጋው።

"እንኳን ደከመሽ!" አላት። "እንኳን ደከመሽ የኔ እመቤት!"

ይህን ሲላት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እናቴ አላየም።